ጠባብ ጠረጴዛና ሰፊ ግምጃ ቤት

በአዊ አገር፥ በአንከሻ፥ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ አለች። ስሟን የሰማ ሁሉ ሀብትና ዕቃ የሚከማችበትን ቤት ያስባል። መቼም ግምጃ ቤት ያለው ሰው ችግሩ አንድ ነው፤ ዕቃው ብዙ፥ የሚሠራበት ጠረጴዛ ግን ጠባብ ይሆንበታል። የኤሌክትሮኒክ የሒሳብ መኪና፥ ማለት ኮምፒዩተር፥ ከተፈጠረ ጀምሮ ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ይኸው ነገር ስለ ነበረ፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን እነሆ እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ዊልያምስና ቶም ኪልበርን የሠሩት መኪና ማስታወሻው እንደ ቴሌቪዥን ያለ የመስተዋት ቱቦ ነበረ። በቱቦው ላይ የሚያድሩት ምልክቶች 1,024 ብቻ ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአሜሪካ ከምስር ፍሬ ያነሱ የማግኔት ቀለበቶች በቀጭን ሽቦ እየተሰኩ ማስታወሻ ሆኑ። ሽቦውን በእጃቸው የሚሰኩት አብዛኞቹ ሴቶች ሠራተኞች ነበሩ። ቀለበቱ ፈጣን ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ስለዚህ ብዙው ዕቃ የሚቀመጠው ርካሽ በሆነው፥ ነገር ግን ዘገምተኛ በሆነው በሚሽከረከር የማግኔት ከበሮ ላይ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. 50 ትልልቅ ሰሃኖች የተደረደሩበትን ራማክ የተባለ መኪና አወጣ። የሰሃኖቹ ክፍል አንድ ቶን ያህል ሲመዝን የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ቦታ ይፈጃል!

ታዲያ የትኛው ወረቀት መቼ ከግምጃ ቤት ወደ ጠረጴዛ ይምጣ? የትኛውስ ይመለስ? ይህን ሁሉ የሚያዘው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ስለ ነበረ፥ የተማረው ሰው ከሒሳቡ ይልቅ ዕቃ በማመላለስ ይደክም ነበር።

ኪልበርንና ጓደኞቹ ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር ሆነው የሠሩት አትላስ የተባለው መኪና ኅዳር 28 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1962) ተመረቀ። በርሊን ውስጥ ፍሪትስ ሩዶልፍ ጉንትሽ ተመሳሳይ ሐሳብ አስቀድሞ በጽሑፍ አቅርቦ ነበር፤ ሠርተው ያሳዩት ግን የማንቸስተር ሰዎች ናቸው። አትላስ በቀለበት 16 ሺህ ያህል፥ በከበሮ 96 ሺህ ያህል ቃላት ይይዝ ነበር። ሁሉንም 512 ቃላት ባላቸው ገጾች ከፋፈሉት። ለጸሐፊው የሚታየው አንድ ሰፊ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ የፈለገውን ገጽ ሲጠራ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ መኪናው ራሱ ሥራውን አቁሞ ከከበሮው ያስመጣለታል። ይህ ነው በኋላ ቨርቹዋል ሜሞሪ፥ ምናባዊ ማስታወሻ እንደማለት፥ የተባለው።

ጥበቡ ማስመጣቱ ላይ አይደለም፤ ማስወጣቱ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማንሣት 2 ሴኮንድ ይፈጃል ብንል፥ በአትላስ ልክ ከግምጃ ቤት ማስመጣቱ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ነገ የሚፈለገውን ዛሬ ማስወጣት ብርቱ ኪሳራ ነው። አትላስ እያንዳንዱ ገጽ መቼ እንደ ተሠራበት እየመዘገበ፥ ለብዙ ጊዜ አይፈለግም ብሎ የገመተውን ይመልሳል። ለሚመጣው እንግዳም ሁልጊዜ አንድ ባዶ ቦታ ይጠብቅ ነበር። በመዝገብ ቤት የሠራ ወጣት ሹም ይህን ዘዴ ሳያውቀው አይቀርም።

ሆኖም ብዙዎች መኪናው ከሰው የተሻለ ይመርጣል ብለው አላመኑም። ጥርጣሬያቸውም ከንቱ አልነበረም። ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ሲገባበት አንዱ ገጽ ሲመጣ ገና የሚፈለገው ሌላው ይወጣል፤ እሱ ሲመለስ ደግሞ ያኛው ይባረራል። መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲያመላልስ ይውላል እንጂ አንዳች ሥራ አይሠራም። (እንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት ለሰውም አይጠፋም።) እ.ኤ.አ. በ1968 ፒተር ዴኒንግ መድኃኒቱን አሳየ፤ የገቡት ሥራዎች የያዟቸው ገጾች ሳይነኩ ቦታ ካልተረፈ፥ አዲስ ሥራ በር ላይ ይቆይ አለ። በዓመቱ የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ ዴቪድ ሴይር ባደረገው ፈተና የመኪናው አመራረጥ ከሰው ያላነሰ መሆኑ ታየ።

አይ.ቢ.ኤም. ይህን ማስታወሻ ለጠቅላላ ደንበኞቹ በሲስተም 370 መኪናዎቹ ያወጀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 ነው። የማንቸስተሩ አትላስ ግን በፊተኛው ዓመት ተዘግቶ ነበር።