ሎሚ በብርድ አገር

በፈረንሳይ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፣ ለዛፎች ማደሪያ ተብሎ የተሠራ ትልቅ አዳራሽ አለ። ኦራንዤሪ ይሉታል። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 በአርክቴክቱ በዡል አርዱዌን ማንሳር ያሠራው ነው። ብርዱ ሲቃረብ ከ1000 በላይ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ሮማንና ሌሎች ዛፎች ከነሣጥናቸው ወደዚህ ይገባሉ፤ ግንቦት ላይ ተመልሰው ይወጣሉ።

አዳራሹ ዛፎቹን ከውርጭ የሚያድነው በግድግዳው ውፍረትና ወደ ደቡብ በዞሩት ትላልቅ መስኮቶቹ ነው። በብርድ ወራት ውስጡ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። ለሰው ይበርዳል፤ ለሎሚ ግን ይበቃል። በሀገር ቤት፣ በዘጌ፣ ከቡናና ከጌሾ ጋር ሎሚ ሲበቅል እያየ ያደገ፣ ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ሰው ሎሚ በቤቱ ማሳደግ ቢያምረው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው፤ በብርድ ወራት ሎሚ ከሙቀት ይልቅ ብርሃን ይፈልጋል።

ሙቀት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ከአፈሩ ሥር ነው። የአፈሩ ሙቀት ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ ሲወርድ የሎሚ ሥር ሥራውን ያቆማል ለማለት ይቻላል። በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ቅጠሉን ስታሞቀው ቅጠሉ ውኃ ይጠይቃል፤ በቀዝቃዛ ወለል ላይ የተቀመጠው ሥር ደግሞ መስጠት አይችልም። ያኔ ዛፉ ቅጠሉን ያረግፋል። ባለቤቱ የተጠማ መስሎት ውኃ ይጨምርለታል፤ አፈሩ ይጨቀያል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በቤት ውስጥ ብዙ ሎሚ የሚሞተው እንዲህ በደግነት ነው።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። ግሪን ሃውስ ወይም ብርሃን የሚገባበት ቀዝቃዛ በረንዳ ያለው ሰው ዛፉን እዚያ አሳርፎ ውኃውን ይቀንስለት። በሞቀ ሳሎን የሚያኖረው ደግሞ መትከያውን ከወለሉ ከፍ ያድርገው፤ ከማሞቂያው ያርቀው፤ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚቆይ ቀጥተኛ ፀሐይ ከሌለ በተክል መብራት ያግዘው። ውኃ የሚጠጣው ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ ሲዳሰስ ደረቅ ሲሆን ነው። ሲጠጣም ከታች እስኪፈስ ይጠጣ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ግን ይደፋ።

የቬርሳይ አትክልተኞች ሌላም ብልሃት አላቸው። የዛፎቹ ሣጥን ጎኖች ስለሚከፈቱ ሥሩን አይተው ይከረክማሉ፣ አፈሩንም ያድሳሉ። በቤት ውስጥም በየጥቂት ዓመቱ እንዲሁ ማድረግ ያስፈልጋል። መትከያው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ አፈሩ ውኃ የማይቋጥርና በመጠኑ አሲዳማ ይሁን። የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ በመካከሉ ያለው ቢጫ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ዛፉ ብረት አንሶታል ማለት ነው።

ለመትከያ ከሚስማሙት ዝርያዎች የታወቀው የማየር ሎሚ ነው። ትውልደ ኔዘርላንዳዊው ፍራንክ ማየር ለአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተክል ሲያስስ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ከቻይና የላከው ነው። ቻይናውያን ለጌጥ በሸክላ ይተክሉት ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ቆዳው ስስ፣ ኮምጣጣነቱም ለዘብ ያለ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ዛፎች ሌሎች የብርቱካን ዘሮችን የሚገድል ቫይረስ ተሸክመው ተገኙ፤ ከቫይረሱ የነጻው የተሻሻለ ማየር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኩል እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ።

ሲገዙ ተዳቅሎ የተዘጋጀ ችግኝ ይመረጣል። ከፍሬ የተዘራ ሎሚ ለማፍራት ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ የተዳቀለው ግን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ያፈራል። አበባው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል፤ ንብ በማይገባበት ቤት አበባዎቹን በለስላሳ ብሩሽ እየነካኩ መርዳት ይቻላል። ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል። ያለ ጊዜው የተቀጠፈ ሎሚ ጣዕሙ አይሻሻልም፤ ቆዳው እስኪለውጥ ዛፉ ላይ ይቆይ።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚሰጠው ግን ዛፉ የሚያድርበት ቦታ ከታወቀ ነው። ስለዚህ ችግኙ ከመገዛቱ በፊት መስኮቱ ይመረጥ።