ለምግብ የተፈቀደው ማጣፈጫ ለሳንባ ይበጃልን?

እ.ኤ.አ በ2000 በወርኃ ግንቦት አንድ የሥራ ጤና ሐኪም ለአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ያልተለመደ ሪፖርት አቀረቡ። በጃስፐር ከተማ በሚገኝ የፈንዲሻ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ 8 ሰዎች በአንድ ዓይነት የሳንባ ሕመም መጠቃታቸውን የሚገልጽ ነበር። ሕመሙ ብሮንኪዮላይተስ ኦብሊተራንስ የሚባለውና ጥቃቅኖቹን የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ እየደፈነ ትንፋሽ የሚያሳጥረው በሽታ ነው። አንድ ጊዜ የተደፈነው ቧንቧ ተመልሶ አይከፈትም። ከስምንቱ ሰዎች 4ቱ በዚያን ወቅት የሳንባ ንቅለ ተከላ ይጠባበቁ ነበር።

የአገሪቱ የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ፋብሪካውን ሲመረምሩ ጥርጣሬያቸው ያረፈው በማደባለቂያው ክፍል ላይ ነበር። በዚህ ክፍል ዘይትና ሰው ሠራሽ የቅቤ ጣዕም በትልቅ ጋን ውስጥ በሙቀት ይዋሃዱ ነበር። ከጋኑ በሚወጣው እንፋሎት ውስጥ በብዛት የተገኘው ዳያሲቲል የተባለው የቅቤ መዓዛ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። በምርመራው የተካተቱት 117 ሠራተኞች የአየር ቧንቧ መጥበብ በሕዝቡ ዘንድ ከሚጠበቀው 3.3 እጥፍ ሆኖ የተገኘባቸው ሲሆን፣ ሲጋራ አጭሰው በማያውቁት ላይ ደግሞ ልዩነቱ 10.8 እጥፍ ደርሶ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2002 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል።

ዳያሲቲል በቅቤ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ በምግብ ውስጥ እንዲጨመርም የተፈቀደ ንጥረ ነገር ነው። በፋብሪካው የተጎዱት ፈንዲሻውን የበሉት ሳይሆኑ ከጋኑ አጠገብ ቆመው እንፋሎቱን በየዕለቱ የተነፈሱት ናቸው። ይህ ልዩነት ከዓመታት በኋላ ለተስፋፋው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ዋነኛ ጥያቄ ሆኖ ብቅ ብሏል።

የዘመኑን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እ.ኤ.አ በ2003 የሠሩት ሆን ሊክ የተባሉ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። መሣሪያው ባትሪ፣ ማሞቂያ ሽቦ፣ ፈሳሹን የሚስብ ጥጥ ወይም ተመሳሳይ ነገርና የፈሳሽ መያዣ አለው። ተጠቃሚው ሲስብ ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹም ወደ ጭጋግ ተለውጦ ወደ ሳንባ ይገባል። የትምባሆ ቅጠል ስለማይቃጠል አመድና ሬንጅ አይኖረውም። ይሁን እንጂ ወደ ሳንባ የሚገባው ተራ የውኃ እንፋሎት አይደለም።

ፈሳሹ በመሠረቱ ከአራት ነገሮች ይዘጋጃል። እነዚህም ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ኒኮቲንና ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ፕሮፒሊን ግላይኮል በመድኃኒትና በምግብ ዝግጅት የሚያገለግል ቀጭን ፈሳሽ ሲሆን፣ ጣዕሙን አሟሙቶ ለመያዝ ይረዳል። ግሊሰሪን ደግሞ ወፈር ያለና ጣፋጭ በመሆኑ ጭጋጉን ያበዛዋል። ሁለቱም እርጥበት ስለሚስቡ ጉሮሮን ያደርቃሉ።

ሁለቱም ንጥረ ነገሮች በመድኃኒት ደረጃ ተጣርተው ካልተመረቱ ሌላ አደጋ ያስከትላሉ። ርካሽ በሆነና ዳይኤቲሊን ግላይኮል በሚባል መርዛማ ፈሳሽ ሊበከሉ የሚችሉ ናቸውና። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በ2009 ከሁለት አምራቾች ምርቶች የወሰዳቸውን 18 የፈሳሽ መያዣዎች ሲመረምር በአንዱ ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ዳይኤቲሊን ግላይኮል አግኝቷል። በአህጉራችንም እ.ኤ.አ በ2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ መርዝና በተመሳሳዩ ስለተበከሉ የሳል ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ ማውጣቱ አይዘነጋም። በመለያ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን ለጥራት ዋስትና እንደማይሆን ሁለቱም አጋጣሚዎች ያሳያሉ።

ከአራቱ ውሁዶች ውስጥ በዓይነቱ እጅግ የበዛውና በጥናት ለመከታተል አዳጋች የሆነው ጣዕም ሰጪው ነው። ጣዕሙ የሚገኘው በሁለት መንገድ ሲሆን፣ አንደኛው ከዕፅዋት ማውጣት፣ ሁለተኛው በላቦራቶሪ መሥራት ነው።

ከዕፅዋት የማውጣቱ ሥራ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አረቄ በሚወጣበት ዘዴ እንፋሎትን አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ከናና፣ ከቀረፋና ከመሳሰሉት ዕፅዋት መዓዛማ ዘይት ለማውጣትም ያገለግላል። የብርቱካን ልጣጭ ደግሞ ተጨምቆ ዘይቱን ይሰጣል። ቫኒላ በአልኮል ተዘፍዝፎ ጣዕሙን ይለቃል፤ በአሜሪካ ሕግ የቫኒላ ምጥን ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። ሄክሴንን የመሰሉ አሟሚዎችና በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በፋብሪካ ደረጃ ለዚሁ ተግባር ይውላሉ። አንዳንድ አምራቾች የትምባሆን ቅጠል ራሱን በፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም በአልኮል ዘፍዝፈው ጣዕሙን ይወስዳሉ።

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው "ተፈጥሮአዊ" የሚለው ቃል ነው። ከቅጠል ወይም ከፍሬ የወጣ ምጥን አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ሳይሆን የበርካታ ውሁዶች ድብልቅ ነው። ከትምባሆ ቅጠል ተዘፍዝፎ የተገኘው ጣዕም ናይትሬትና ለካንሰር የሚያጋልጡትን ናይትሮሳሚኖች፣ በመጠን ከትምባሆው እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከፍራፍሬ የተገኘ ምጥን ስኳር ይዞ ከመጣ ስኳሩ በጋለው ሽቦ ላይ አርሮ ጎጂ ጋዞችን ይፈጥራል። ከዚህ አንጻር ይዘቱ በውል የታወቀ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ከማይታወቅ የተፈጥሮ ምጥን ይልቅ ለቁጥጥር የሚቀልበት ጊዜ አለ። ይህ ማለት ግን ሰው ሠራሹ ለሳንባ ይስማማል ማለት አይደለም።

ብዙ ሻጮች ምርታቸውን የሚያስተዋውቁት "ለምግብ የተፈቀዱ ቅመሞች ብቻ የተጨመሩበት" በማለት ነው። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም የተሟላ አይደለም። በአሜሪካ የጣዕምና የምጥን አምራቾች ማኅበር ራሱ፣ አባላቱ የሚያመርቷቸው ማጣፈጫዎች ደህንነት የተገመገመው በምግብነት እንዲዋጡ እንጂ በትንፋሽ እንዲሳቡ እንዳልሆነ በይፋ አስታውቋል።

ልዩነቱ ከሰውነት አሠራር የሚመነጭ ነው። በአፍ የገባ ነገር በጨጓራ አሲድና በአንጀት አልፎ ወደ ቀሪው አካል ከመሰራጨቱ አስቀድሞ በጉበት ይጣራል። በትንፋሽ የገባ ነገር ግን ይህን ሁሉ ዘብ ሳያገኝ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይደርሳል። የሳንባ የአየር ከረጢቶች ተዘርግተው ቢለኩ 70 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑ ሲሆን፣ አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ውፍረት ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ለኦክስጅን መግቢያ እንዲመች የሳሳው ይህ ግድግዳ ለሌላውም በር ይከፍታል።

ጥያቄው በንድፈ ሐሳብ ብቻ አልቀረም። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት 51 ዓይነት ባለ ጣዕም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምርቶችን መርምረው በ39ኙ ውስጥ ዳያሲቲል አግኝተዋል። ዳያሲቲልን ወይም የቅርብ ዘመዶቹ ከሆኑት ሁለት ውሁዶች ቢያንስ አንዱን የያዙት ደግሞ 47 ነበሩ። የሲጋራ ጭስም ዳያሲቲልን በብዛት የሚይዝ በመሆኑ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ መገኘቱ ብቻ እያንዳንዱን ተጠቃሚ በጃስፐር ሠራተኞች ላይ ለደረሰው ሕመም ይዳርጋል የሚል ድምዳሜ አያሰጥም። ይሁንና ያለ እርሱ ማዘጋጀት እየተቻለ በፈሳሹ ውስጥ መጨመሩ ምክንያት የሌለው አደጋ ነው።

ከዚህም ሌላ ፈሳሹ በጠርሙስ ውስጥ ሳለና በሽቦው ላይ ሲግል አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከመጠን በላይ ሲግሉ ፎርማልዲሃይድ፣ አሲታልዲሃይድና አክሮሊን የተባሉ የአየር ቧንቧን የሚያቃጥሉ ጋዞች ይፈጠራሉ። የፈሳሹ መጠን አንሶ ጥጡ ሲደርቅ ወይም የባትሪው ኃይል ሲጨምር መጠናቸው ያሻቅባል። የቫኒላን፣ የቀረፋንና የቼሪን መዓዛ የሚሰጡት አልዲሃይዶች ደግሞ ገና ሳይሞቁ ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ተዋህደው አሲታል የሚባሉ አዳዲስ ውሁዶችን እንደሚፈጥሩ እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ጥናት አመልክቷል። በመሆኑም ጠርሙሱ ላይ የተዘረዘረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ወደ ሳንባ የሚገባውን በሙሉ አይገልጽም።

ስህተቱ ምን ያህል ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል እ.ኤ.አ በ2019 በአሜሪካ የደረሰው ማሳያ ነው። በዚያ ዓመት የበጋ ወራት ቀደም ሲል ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በከባድ የሳንባ ጉዳት ወደ ሆስፒታሎች መጉረፍ ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2 ሺህ 807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ሲመዘገብ፣ የሟቾቹ ቁጥር 68 ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ ታማሚዎች የተጠቀሙት ቲኤችሲ የተባለውን የካናቢስ አደንዛዥ ንጥረ ነገር የያዙና ከሕጋዊው ገበያ ውጪ የተገኙ ፈሳሾችን ነው። ተመራማሪዎች ከ51 ታማሚዎች ሳንባ የወሰዱትን ፈሳሽ ሲመረምሩ በ48ቱ ላይ ቫይታሚን ኢ አሲቴት አግኝተዋል። ለንጽጽር በተመረመሩት 99 ጤነኛ ሰዎች ላይ ግን አልተገኘም።

ቫይታሚን ኢ አሲቴት በቆዳ ቅባትና በሚዋጥ የቫይታሚን እንክብል ውስጥ ለዓመታት ያለ ችግር ሲያገለግል የቆየ ነው። ሻጮች ፈሳሹን ለማወፈር ጨመሩት፤ ቅባትነት ያለው ይህ ውሁድ ወደ ሳንባ ሲገባ ግን ለሞት ምክንያት ሆነ። የጃስፐሩ ታሪክ በሌላ ስም ተደገመ ማለት ይቻላል። የምግብ ዘይትን ጨምሮ ማናቸውንም ቅባት ከሚሳብ ፈሳሽ ጋር መቀላቀል በፍጹም ሊደረግ የማይገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ በ2018 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት፣ ሲጋራ አጫሾች ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ቢዞሩ ለበርካታ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ያላቸው ተጋላጭነት እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። ያው ሪፖርት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን የሚጠቀሙ ወጣቶች ወደ ተቃጣዩ ሲጋራ የመሸጋገር ዕድላቸው እንደሚጨምርም አመልክቷል። ስለዚህ "ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት" የሚለው አነጋገር ለቀድሞ አጫሽና ትምባሆ ቀምሶ ለማያውቅ ተማሪ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። የከረሜላና የፍራፍሬ ጣዕም ደግሞ ይበልጥ የሚስበው ሁለተኛውን ነው።

ጣፋጭ መዓዛው በቤት ውስጥ ለሚገኙ ሕፃናትም ስጋት ነው። ኒኮቲን በጥቂት መጠን ሲዋጥ ሕፃንን የሚገድል መርዝ ሲሆን፣ በቆዳም ይሰርጻል። እ.ኤ.አ በ2014 መጨረሻ በኒውዮርክ ግዛት አንድ ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን በመዋጡ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ በ2016 መጀመሪያ ጠርሙሶቹ ሕፃናት በማይከፍቱት ክዳን እንዲታሸጉ የሚያስገድድ ሕግ በአሜሪካ ወጥቷል።

አገሮች ለችግሩ የሰጡት ምላሽ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2016 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው መመሪያ የኒኮቲኑ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም፣ የመሙያ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ወስኗል። ቫይታሚን፣ ካፌይንና ታውሪን እንዳይጨመሩ ከልክሏል። ከኒኮቲን በስተቀር የሚገቡት ንጥረ ነገሮችም በጋለም ሆነ ባልጋለ ሁኔታ ለጤና ጠንቅ እንዳይሆኑ ይጠይቃል። "በጋለም ሆነ ባልጋለ" የሚለው ሐረግ ከምግብ መመዘኛ ወደ ትንፋሽ መመዘኛ የተደረገውን ሽግግር ያሳያል።

ኢትዮጵያ የመረጠችው መንገድ ክልከላ ነው። አገሪቱ በ2006 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ያጸደቀች ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን፣ ሺሻንና ማጣፈጫ የተጨመረባቸውን የትምባሆ ምርቶች ማምረት፣ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥን ይከለክላል። በዚህ ሕግ መሠረት በአገር ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተመረመረና የተፈቀደ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ የለም። በድብቅ የሚገዛ ሰው የጠርሙሱን ይዘት የሚያረጋግጥለት አካል እንደማይኖር ሊገነዘብ ይገባል።

ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር ሲወያዩ "መጥፎ ነው" ብሎ ከማለፍ ይልቅ ምክንያቱን ቢያስረዱ የተሻለ ፍሬ ይኖረዋል። ቅቤን መብላትና የቅቤን ጣዕም አግሎ መተንፈስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም ወጣት ሊረዳው ይችላል። በጃስፐር ጋኑ አጠገብ የቆሙት ሠራተኞች ግን ይህን የሚነግራቸው አላገኙም ነበር።