የካርችነር ዋሻ፤ ጐብኚን እየተቀበሉ ዕቃን ሳያበላሹ ስለ ማቈየት

አገር ጐብኚ ገንዘቡን ከፍሎ ሲሄድ ከባለ አገሩ መጋዘን ይዞት የሚሄደው ዕቃ የለም። ስለዚህም የጉብኝት ንግድ ዕቃው የማያልቅ፥ መደርደሪያውም የማይጐድል የሚመስለው ነጋዴ ብዙ ነው። ይህ አሳብ በዋሻ ላይ አይሠራም። በዋሻ ገበያ ዕቃውን የሚያበላሸው ደንበኛው ራሱ ነው፤ ይኸውም በትንፋሹ፥ በእጁ ወዝና ከልብሱ በሚረግፈው ብናኝ ነው።

በፈረንሳይ አገር የሚገኘውና የጥንት ሰዎች ሥዕል ያለበት የላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። የጐብኚው ብዛት የዋሻውን አየር ስለ ለወጠውና በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነገር መብቀል ስለ ጀመረ በ1963 ተዘጋ። ገበያው የቈየው 15 ዓመት ብቻ ነው። በ1983 ለጐብኚ የተከፈተው በአጠገቡ የተሠራው አምሳያ እንጂ ዋሻው አይደለም።

በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፥ በቤንሰን ከተማ አጠገብ የሚገኘው የካርችነር ዋሻ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ራንዲ ታፍትስና ጌሪ ቴነን የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ1974 መሬቱ በሰመጠበት ጕድጓድ ውስጥ አንዲት ስንጥቅ አገኙ፤ ከስንጥቋም የሌሊት ወፍ ኩስ የሚሸት ሞቃትና ርጥብ አየር ይወጣ ነበር። በደረታቸው እየተሳቡ ቢገቡ ሰው ያልረገጠው የኖራ ድንጋይ አዳራሽ ገጠማቸው። ያገኙትን ለማንም አልተናገሩም። የመሬቱ ባለቤቶች የካርችነር ቤተ ሰቦች እንኳ የሰሙት በ1978 ነው።

ሁለቱ ሰዎች ንግድን የሚጠሉ አልነበሩም። ዋሻው ባለቤትና ጠባቂ ካላገኘ እንደሚዘረፍ ስለ ተረዱ በመጀመሪያ በግል ለንግድ ሊያለሙት አስበው ነበር፤ ወጪው ከዐቅም በላይ ሲሆንባቸው ወደ ግዛቱ መንግሥት ዞሩ። የአሪዞና ምክር ቤት ግዢውን በ1988 አጸደቀ፤ ነገሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ከጥቂት ሰዎች በቀር ተሰውሮ መቈየቱ በምክር ቤት ታሪክ እምብዛም የማይታይ ነው። ዋሻው ለሕዝብ የተከፈተው ግን ከ11 ዓመት በኋላ በ1999 ሲሆን የወጣውም ገንዘብ 28 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው።

ገንዘቡ የት ገባ ቢባል አብዛኛው ለዐይን የማይታይ ሥራ ላይ ነው። ውጭው ደረቅ በረሃ ሲሆን የዋሻው ውስጥ ርጥበት ግን ከመቶ 99 ይደርሳል። በር በግዴለሽነት ቢከፈት በረሃው ርጥበቱን ይጠጣዋል፤ ውሃ መንጠባጠቡን ሲተው ድንጋዩም ማደጉን ይተዋል። ስለዚህ መግቢያው አንዱ ሳይዘጋ ሌላው በማይከፈት በተከታታይ የብረት በር ተሠራ። ጐብኚው በሚገባበት ጊዜ የልብሱ ብናኝ እንዳይረግፍ ቀጭን የውሃ ጉም ይረጭበታል፤ የእግር መንገዱም ይታጠባል። ድንጋዩን በእጅ መንካት ክልክል ነው፤ የተነካ እንደ ሆነ አስጐብኚው ቦታውን ምልክት ያደርግበትና በኋላ እንዲታጠብ ይደረጋል፤ የእጅ ወዝ በድንጋዩ ላይ ከቀረ ከውሃው ጋር የሚመጣው ኖራ አይያያዝምና።

ለጐብኚው የሚቀርበው ዕቃ ይህ ሁሉ ድካም የሚገባው ነው። ኩብላ ካን የሚባለው የድንጋይ ዓምድ ቁመቱ 58 ጫማ ነው። ከጣሪያ የተንጠለጠለው፥ እንደ መቃ ውስጡ ክፍት የሆነው ቀጭን ድንጋይ ደግሞ 6 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ይህም በአንዲት ግድየለሽ ክንድ የሚሰበር ነው።

መግባት የሚቻለው ከአስጐብኚ ጋር በትንንሽ ቡድን ብቻ ስለ ሆነ ቲኬቱን አስቀድሞ ማስያዝ ይበጃል። ቦርሳና ፎቶግራፍ ማንሻ በውጭ ይቀራል። ተራ እስኪደርስ ለሚጠብቅ ሰው በፓርኩ ውስጥ የእግር መንገዶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ 4፥ ሌላው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበረሃው ፀሐይ ውሃ ሳይዙ መውጣት አይገባም።

ታላቁ ክፍል የሚባለው አዳራሽ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፥ በፈረንጆች ወር አቈጣጠር፥ በየዓመቱ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ከሺሕ የሚበልጡ እንስት የሌሊት ወፎች መጥተው በጣሪያው ላይ ይወልዳሉ። የበጋ ዕረፍት ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጓዝበት ወራት ስለ ሆነ ባለ ሱቅ ይህን ቢሰማ ያዝናል፤ አስተዳደሩ ግን የዚያን አዳራሽ ቲኬት በእነዚህ ስድስት ወራት አይሸጥም። የዙፋኑ ክፍል ግን በዚህ ጊዜም ለጐብኚ ክፍት ነው።