ሁለት ኩባንያ፣ አንድ ማብሪያና ማጥፊያ

ስለ አገር ቤት ስልክ ሲነሳ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንዱ ወገን «አገሩ ተለውጧል፤ አዲስ አበባ ፋይቭ ጂ ገብቷል፤ ሁለት ኩባንያ ለደንበኛ ይሻማል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ምን ተለወጠ? ሲፈልጉ ይከፍቱታል፣ ሲፈልጉ ይዘጉታል» ብሎ ይመልሳል። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ታዲያ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ እውነቶች በአንድ አገር ሰማይ ሥር እንዴት አብረው ሊያድሩ ቻሉ?

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። የሞባይል ስልክ ውድድር መምጣቱን እደግፋለሁ፤ ዘገየ ካልተባለ በቀር የሚነቀፍ ነገር የለውም። ነገር ግን ውድድር ዋጋ ያወርዳል፣ ማማ ያስተክላል፣ ቴክኖሎጂ ያሳድሳል እንጂ የመነጋገርን መብት ብቻውን አያስከብርም። ይህን መብት የሚያስከብረው ሕግ ነው፤ ሕጉን ደግሞ የሚያስከብረው ጠያቂ ሕዝብ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሱቅ ብቻ የነበረበት ዘመን

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አፍሪካ ውስጥ ቀድመው ስልክ ካዩት አገሮች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ፣ በሞባይሉ ዘመን ግን ከጎረቤቶቿ ኋላ ቀረች። ሞባይል በ1999 ሲጀመር ሲም ካርድ ወረፋ የሚያዝለት ነገር ነበር። ናይጄሪያ በ2001 የሞባይል ፈቃድን በጨረታ እያንዳንዱን በ285 ሚሊዮን ዶላር ሸጣ ኩባንያዎችን ስታፎካክር፣ የእኛው ቴሌ ብቻውን ቆሞ ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ ማጣት ነው እንዳይባል በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈርሟል። ከሁለቱ ውሎች መካከል፣ በ2010፣ አስተዳደሩ ለፈረንሳይ ቴሌኮም ተሰጥቶ ድርጅቱ «ኢትዮ ቴሌኮም» ተባለ። ስሙ ተለወጠ፤ ሱቁ ግን ያው አንድ ሱቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ በኢትዮጵያ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘግቶ ቆየ። ወጣቱ በዚያ ተጠራርቶ ይሰበሰባል ተብሎ ነው። የተከፈተው በመስከረም 2007፣ በእኛው ሚሊኒየም ዋዜማ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም ኤምፔሳን ጀመረ። የናይሮቢ የጉልት ነጋዴ በተራ የእጅ ስልክ ገንዘብ መላክ ስትጀምር፣ የመርካቶ ነጋዴ በዚያው ዓይነት ስልክ «እንዴት አደርሽ» ብላ መጻፍ አትችልም ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ስልኩ አልነበረም። ስልኩማ አንድ ነው።

በውጭ ያለነውም የዚያ ዘመን ግብር ከፋዮች ነበርን። ከሱቅ የምገዛት ባለ 5 ዶላር የስልክ ካርድ ትዝ ትለኛለች። ካርዷ ላይ የተጻፈው ደቂቃና የማወራው ደቂቃ ተገናኝተው አያውቁም። ገና የዘመድ ጤና ጠይቄ ሳልጨርስ በቴፕ የተቀዳችው ሴትዮ «አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል» ትለኛለች። በኢንተርኔት የሚደወለው ርካሽ መንገድ ሲመጣ ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወጣ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ የደኅንነት ሰዎች የደንበኞችን የስልክ መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዴት እንደሚከፍቱ በዝርዝር አሳየ። ስልኩ አንድ፣ ባለቤቱ አንድ፣ አድማጩም አንድ ነበር ማለት ነው።

ተፎካካሪው ሲመጣ

በ2018 መንግሥት ቴሌኮምን ለግል ባለሀብት እከፍታለሁ አለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሞባይል ድምፅ ታሪፍ በ40 በመቶ ወረደ። ልብ በሉ፤ ተፎካካሪው ገና አልመጣም ነበር። ወሬው ብቻ ነው የመጣው።

በግንቦት 2021 ቮዳኮም፣ ሳፋሪኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ ተቋም ያሉበት ኅብረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ። የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር አነሰ ተብሎ ተመለሰ። በዚያው በግንቦት ወር ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ላይ አዋለ። በግንቦት 2022 በአዲስ አበባ ፋይቭ ጂን በሙከራ ጀመረ። ከሦስት ወር በኋላ ሳፋሪኮም በድሬዳዋ ሥራ ጀመረ፤ በጥቅምት ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ያልቸኮለ ድርጅት እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ቤቱን መጥረግ ያዘ። ውድድር ማለት ይኸው ነው። በ2025 የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን በላይ፣ የሳፋሪኮም ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን ደርሰው ነበር።

ይህ ሲባል ግን ሜዳው ለሁለቱም እኩል ነበር ማለት አይደለም። የተንቀሳቃሽ ገንዘብ ፈቃድ ለሳፋሪኮም በመጀመሪያው ውል አልተሰጠም። ኤምፔሳ በኢትዮጵያ የጀመረው ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ በነሐሴ 2023 ነው፤ ቴሌብር ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞታል። ማማ ተክለው ለሁሉም ኩባንያ የሚያከራዩ ድርጅቶች እንዲገቡ በጨረታው አልተፈቀደም። አዲሱ ኩባንያ ያለው አማራጭ የራሱን ማማ መትከል ወይም ከተፎካካሪው መከራየት ነበር። ተፎካካሪው መንግሥት ነው። ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም በ2019 በአዋጅ ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተደረገ። ተጫዋቹና ዳኛው አንድ ማሊያ ለብሰው ሜዳ ሲገቡ ጨዋታው በየት በኩል እንደሚያጋድል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስለ «ጂ»ው ትንሽ

ፋይቭ ጂ ሲባል ብዙ ሰው የሆነ ተአምር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። «ጂ» ማለት ትውልድ ማለት ነው። ሁለተኛው ትውልድ ድምፅና አጭር መልእክት ይሸከማል፤ ሦስተኛው ኢንተርኔትን ወደ ስልክ አመጣ፤ አራተኛው ቪዲዮን ቀላል አደረገ፤ አምስተኛው ፍጥነቱንና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የሰው ብዛት አበዛ። ነገር ግን የአየር ሞገድ የራሱ ጠባይ አለው። ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ የሚሸከመው ግን ጥቂት ነው። ከፍተኛው ብዙ ይሸከማል፣ ሩቅ ግን አይሄድም። አንዱ ገደልና ዳገት የሚወጣ በቅሎ፣ ሌላው አስፋልት የሚፈልግ አይሱዙ ነው በሉት። ለቦሌ አይሱዙ ይበቃዋል። ለላስታ ተራሮች ግን በቅሎው ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ማማው መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት ጄኔሬተር ወይም ሶላር፣ ከዚያም ማማውን ከዋናው መስመር የሚያገናኝ ፋይበር ይፈልጋል። የእጅ ስልኩም አዲስ መሆን አለበት። አጭር መልእክት ብቻ የምትቀበል ስልክ ለያዘ ገበሬ ፋይቭ ጂ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ስለዚህ ኩባንያዎች በማን «ጂ» ይበልጣል ሲፎካከሩ፣ የአገር ጥያቄ ሌላ መሆን አለበት። ስንት ወረዳ ኔትወርክ አለው? ኔትወርኩ ስንት ቀን ሳይቋረጥ ይሠራል?

እኛ ካለንበት አገር የምንማረው

አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ውድድር ከሰማይ የወረደ ይመስለናል። ሐቁ ግን ሌላ ነው። የሞባይል ቁጥራችንን ይዘን ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው የመዛወር መብት ያገኘነው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አስገድዶ በኅዳር 2003 ነው። በ2011 ኤቲ ኤንድ ቲ ቲ-ሞባይልን በ39 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲል የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከሰሰና ግዢው ፈረሰ። ሊዋጥ የነበረው ቲ-ሞባይል በ2013 የሁለት ዓመት ውል የሚባለውን እግር ብረት ከደንበኛው ላይ አነሳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ያው ቲ-ሞባይል ግን በ2020 ስፕሪንትን ሲውጥ ተፈቀደለት፤ አራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ሦስት ሆኑ። ውድድር የሚኖረው ዳኛው እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው።

በኤምሬትስ ያሉ እህቶቻችን ደግሞ ሌላውን ገጽ ያውቁታል። እዚያም ኢቲሳላትና ዱ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች አሉ። በሁለቱም መንግሥት ድርሻ አለው። በ2019 ፋይቭ ጂን ከዓለም ቀድመው ከዘረጉት ውስጥ ናቸው። ሆኖም በዋትስአፕ ወደ ቤት መደወል ለዓመታት ታግዶባቸው ነው የኖሩት። ከደሞዟ ቆጥባ ለልጇ የምትደውል ሴት ያንን ሁሉ ፍጥነት ምን ታድርገው?

የግብፁ ደግሞ ይብሳል። በጥር 2011 ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ግብፅ ውስጥ ቮዳፎን፣ ሞቢኒልና ኢቲሳላት የሚባሉ ሦስት ተፎካካሪዎች ነበሩ። ትእዛዝ ሲመጣ ሦስቱም ዘጉ። ፈቃዳቸው ውስጥ ያለው ሕግ ያስገድዳቸው ነበር።

ማብሪያና ማጥፊያው

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ2020 መጀመሪያ የምዕራብ ኦሮሚያ ወረዳዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋባቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በኅዳር 2020 ትግራይ ላይ ጦርነት ሲጀመር ስልኩም ባንኩም አብሮ ዝም አለ፤ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በውጭ ያለ የትግራይ ልጅ እናቱ ትኑር አትኑር ሳያውቅ አደረ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ኩባንያ ዘመን የተጀመሩ ናቸው።

በየካቲት 2023 ግን ሁለት ኩባንያ ነበር። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ታገዱ። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ያኔም ሁለት ኩባንያ ነበር። ባለ 09 ቁጥሩና ባለ 07 ቁጥሩ በዋጋ ሲለያዩ በዝምታ አንድ ሆኑ። መዘጋቱ ደግሞ ዘር አይመርጥም፤ ወለጋ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር ተራ በተራ ቀምሰውታል። ትናንት የጎረቤቱ ስልክ ሲዘጋ ዝም ያለ ሁሉ ዛሬ የራሱ ሲዘጋ የሚጮኽለት አጣ።

በጥቅምት 2024 ደግሞ ከኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶው ድርሻ ለሕዝብ ለሽያጭ ቀረበ። ከ100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ሁሉም ቢሸጥ ኖሮስ? 90 በመቶው የያዘው እጅ ማጥፊያውንም እንደያዘ ነው።

ምን እናድርግ?

ተስፋ አስቆራጭ ነገር ተናግሬ መሄድ አልፈልግም። የሁለተኛው ኩባንያ መምጣት ከዋጋ ሌላ አንድ የተረሳ ጥቅም አምጥቶልናል። በአንድ ሱቅ ዘመን የቴሌ ባለቤት የሚጠየቀው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ጠያቂው ይታሰራል። ዛሬ ከባለቤቶቹ አንዱ በእንግሊዝ ግብር ከፋይ ገንዘብ የቆመ ተቋም ነው። በ2023 የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው አይኤፍሲ ገንዘቡን አግብቷል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ዋሽንግተን ነው። ለንደን ያለ ወገን የሚመርጠውን የፓርላማ አባል፣ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ የኮንግረስ አባሉን «ገንዘባችን ያለበት ኩባንያ ስልክ ዝጋ ሲባል ትእዛዙን በጽሑፍ ይቀበላል ወይ? ለሕዝብስ ያሳውቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ሕልም አይደለም። ቮዳፎን ከግብፁ ውርደት በኋላ፣ መንግሥታት ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያቀርቡለት የሚዘረዝር ሪፖርት በ2014 አውጥቷል። የጠየቀ ስለነበረ ነው።

የምንጠይቀውም ግልጽ ይሁን።

አንደኛ፣ ስልክና ኢንተርኔት መዝጋት በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በተወሰነ ቦታና በተቆረጠ ቀን ካልሆነ በቀር በሕግ ይከልከል።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለፓርላማ ይሁን፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ባለቤትም ይለይ።

ሦስተኛ፣ ማማና ፋይበር ለሁሉም ኩባንያ በእኩል ዋጋ ይከራይ፤ ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ መዛወር ይቻለው።

አራተኛ፣ መስመሩ ተዘግቶ ለሚከስር ነጋዴና ደንበኛ ካሳ ይከፈል።

ከእነዚህ አንዱም የአንድ ፓርቲ ወይም የአንድ ብሔር ጥያቄ አይደለም። እናት ያለው ሁሉ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ክልል ዝም ሲል የማን ክልል እንደሆነ ሳንጠይቅ አብረን እንጩኽ።

ቸር ወሬ ያሰማን።