«ናኦምባ»

በኬንያዋ ሞያሌ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ትራንዚተርም አስተርጓሚም ነኝ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ ኬላ አሠራር፣ ወደ ኬንያ የሚገባ ተሳቢ የሁለቱንም አገር ጉዳይ የሚጨርሰው በዚህ በኩል ነው። አለቃዬ የከተማዋ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛ ከሚናገር ሾፌር ጋር እኔን አትፈልግም። ከአማርኛ ተናጋሪው ጋር ግን መሃል እገባለሁ።

አንድ ጠዋት በስዋሂሊ «ናኦምባ ካራታሲ ዛኮ» አለች። «ናኦምባ» ሲፈታ «እለምናለሁ» ነው፤ እዚህ ግን ሻይ የሚያዝም የሚለው ተራ ትሕትና ነው። እኔ ለሾፌሩ «ሰነድዎን እንዲሰጧት ትለምንዎታለች» አልኩት። ፈገግ አለና ስልኩን መነካካት ቀጠለ። ዲክላራሲዮኑንና ሊብሬውን እስኪያወጣ ከኋላው ያሉት ክላክስ ጀመሩ።

ከሰዓት ተረኛው ወንድ ነበር። እሱም «ናኦምባ» አለ። እኔ ሳላስብበት «ሰነድዎን ይስጡኝ ይላል» አልኩ፤ ሰነዱ ወዲያው ወጣ።

ይህን ልዩነት ያየችው አለቃዬ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። አማርኛ ባትሰማም ጆሮዋ ይቆጥራል። «የእኔ ለምንድን ነው የሚረዝመው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ስዋሂሊ «አናሴማ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ አማርኛ ግን አንቱ ካላሉ በቀር «ይላል» ወይም «ትላለች» ሳይል አያልፍም። ፆታ መለየቱን ሰዋስው አስገድዶኛል። ልመናውን ግን ማንም አላስገደደኝም፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አሜሪካዊቷ የቋንቋ ምሁር ዲቦራ ታነን በሥራ ቦታ ንግግር ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሴት አለቃ ለዘብ ያለ አነጋገር በራስ ያለመተማመን ተደርጎ እንደሚወሰድ ጽፋለች። በመሃል አስተርጓሚ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን እኔ ልነግራት እችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በምርጫም በሹመትም በሚያዝ የመንግሥት አካል አንድ ፆታ ከሁለት ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። ለሴት ወንበሩን ሕግ ይሰጥ ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን በእኔ ምላስ ላይ ነው።

በማግስቱ ተጠነቀቅኩ። «ናኦምባ» ስትል፣ ለእሱ እንዳደረግኩት ሁሉ «ሰነድዎን ይስጡኝ ትላለች» አልኩ። ሽማግሌው ሾፌር ወረቀቱን አቀበሏት፤ ወደ እኔ ጠጋ ብለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦

«ልጄ፣ ሴትዮዋ ምነው ተቆጣች?»