ጎረቤቱን ብቻ የሚያይ መዳቢ

የአንድ ቡና ነጋዴ የገቢ መዝገብ እጄ ገብቶ ነበር። በፓይተን ሲጻፍ መዝገቡ የዲክሽነሪዎች ሊስት ነው፤ እያንዳንዱ ዲክሽነሪ አንድ ርክክብ ሲሆን «አካባቢ»፣ «ዝግጅት» እና «ኪሎ» የሚሉ መስኮች አሉት። ጅማ፣ ደረቅ፣ 600። ይርጋጨፌ፣ የታጠበ፣ 420። ቀጥሎ እንደገና ጅማ፣ ደረቅ፣ 350። ሰውየው ማወቅ የፈለገው ከየአካባቢው ደረቁ ስንት፣ የታጠበው ስንት እንደገባለት ብቻ ነው።

ኢተርቱልስ በሚባለው ሞጁል ውስጥ ለዚህ የተፈጠረ የሚመስል መሣሪያ አለ፦ ግሩፕባይ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ፓይተን 2.4 ጀምሮ አለ። ዳታቤዝ የነካ ሰው ስሙን ሲሰማ የኤስኪውኤሉ ግሩፕ ባይ ይመስለዋል፤ ያኛው ግን ተመሳሳዮቹን ከየትም ለቃቅሞ አንድ ላይ ያመጣል። የፓይተኑ ከላይ ወደ ታች እየወረደ የሚያስተያየው ከፊቱ ካለው ጋር ብቻ ነው። ቁልፉ እስካልተለወጠ ያው ምድብ ይቀጥላል፤ ከተለወጠ አዲስ ይከፍታል። ስለዚህ ከላይ ያሉት ሦስት ርክክቦች ሁለት ሳይሆን ሦስት ምድብ ይወጣቸዋል፤ ጅማ ሁለቴ ይመጣል። ውጤቱን በቁልፉ ስም ዲክሽነሪ ውስጥ ካስቀመጥነው ደግሞ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። 600 ኪሎ ቡና የስህተት መልእክት እንኳ ሳይወጣ ይጠፋል።

መድኃኒቱ አስቀድሞ መደርደር ነው፤ ያውም በዚያው በምንመድብበት ቁልፍ። በሁለት መስክ ለመመደብ አካባቢውንና ዝግጅቱን በአንድ ተፕል እናስራለን። ሊስት አይሆንም፤ ይዘቱ ሊለወጥ ስለሚችል የዲክሽነሪ ቁልፍ መሆን አይችልምና።

እኔ ግን እንዲህ ላለው ሥራ ዲፎልትዲክትን እመርጣለሁ። በፓይተን 2.5 የመጣ ነው። አዲስ ቁልፍ ባየ ቁጥር ራሱ ባዶ ሊስት ከፍቶ ይጠብቃል፤ የእኛ ድርሻ ርክክቡን እዚያ መጣል ነው። ሳይደረደር አንድ ዙር ይበቃል። ግሩፕባይ የሚያሸንፈው መዝገቡ ተደርድሮ የመጣና ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ በላይ ሲሆን ነው፤ አንዱን ምድብ ጨርሶ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ ሁሉንም መሸከም የለበትም።

ይሄን ሁሉ አስተካክዬም ሐረር ሦስት ቦታ ወጣ። አንዱ «ሐረር»፣ አንዱ «ሀረር»፣ አንዱ «ሃረር»። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከተለየ ቁልፉም ይለያል። ከመጨረሻው ፊደል በኋላ የቀረች ባዶ ቦታም አራተኛ ምድብ ወለደች። ባዶ ቦታውን መቁረጥ ቀላል ነው። ለሞክሼዎቹ ሐ፣ ኀ እና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥ ሠራሁ።

መጀመሪያ መዝገቡን ራሱን ላርም ነበር። ነጋዴው ግን አይሆንም አለኝ፤ ርክክቡን የትኛው ጸሐፊ እንደመዘገበው የሚለየው በ«ሐ» አጻጻፉ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ቁልፉን ብቻ ነው የሚነካው፤ መዝገቡ እንደተጻፈ ቀርቷል።