ዓሣና ሩዝ በአንድ ትሪ፤ ያለ ሳልመን፣ ያለ ኦቨን

በውጭ አገር የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመው ከሚገኙት ምግቦች አንዱ በኦቨን የሚጋገር ሳልመንና ሩዝ ነው። ሩዙ ከሥር ይነጠፋል፣ ዓሣው ከላይ ይጋደማል፣ ሁለቱም በአንድ ትሪ ሆነው ኦቨን ውስጥ ይገባሉ። ሲወጣ ትኩስ፣ ለስላሳና ሆድ የሚያሳርፍ ምግብ ይሆናል። ብርድ በሆነ ማታ፣ ሰው ሲደክመው ወይም ሲከፋው የሚበላው ዓይነት ነው፤ በእኛ ቤት ትኩስ ገንፎ ወይም የሽሮ ፍትፍት እንደሚባለው ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ተማሪ መጀመሪያ «ሳልመኑ ከየት ይምጣ? ኦቨኑስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ስንደርስ ገጹን እንገልጣለን። እንዲህ ያለውን ምግብ ለፈተና ብቻ አጥንቶ መተው ግን ኪሳራ ነው። ነገ ገጠር ወርደን የቤተሰብ አመጋገብ ስናስተምር የሚጠቅመን የሳልመን ስም አይደለም፤ ሳልመኑና ኦቨኑ በምግቡ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠሩ ማወቁ ነው። ሥራቸው ከታወቀ ምትካቸው እዚሁ ይገኛል።

እስቲ ከዓሣው እንጀምር። ሳልመን የሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ነው። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ እንቁላል ለመጣል ተመልሶ ወደ ተወለደበት ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። በአገራችን የለም። የቅርብ ዘመዱ ትራውት ግን ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል። ሳልመን ራሱ በረዶ ሆኖ በአዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ይታያል፤ ዋጋው ግን ለእኛ ወሬ ነው።

የሚገርመው ግን እንደ ሳልመን ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ በቅርባችን መኖሩ ነው። በጣና የሚኖረው ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን (ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና ውጪ አይገኙም) ክረምት ሲጠነክር፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች እየወጣ እንቁላሉን ይጥላል። አስጋሪውም ይህንን ያውቃልና በወንዙ አፍ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ወገኑ በእጅጉ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እንግዲህ «የእኛ ሳልመን» የሚለው ስም የሚገባው ለነጭ ዓሣ ይመስላል። ለዚህ ምግብ ግን አይሆንም። ሥጋው ውስጥ እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶች ተሰግስገዋል። በእንጀራ እየለቀሙ ለሚበሉት ምንም አይደል፤ ከሩዝ ጋር ተደባልቆ ሕፃን ሲጎርሰው ግን አደጋ ነው።

የሚሻለው ቀረሶ ነው። የጎኑ ሥጋ በቢላዋ ተገፎ ፊሌቶ ሲወጣለት አጥንት የለበትም ማለት ይቻላል፤ ጣዕሙም ለስለስ ያለ ነው። አምባዛም ወፍራም ሥጋ ስላለው ለመጋገር ይመቻል፤ ነገር ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስለሆነ በኦሪቱ ሕግ መሠረት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው፤ እንግዳ ከመጋበዛችሁ በፊት መጠየቅ ይበጃል። ከጫሞ ሐይቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ናይል ፐርች በውፍረቱ ሳልመንን ይቀርብ ነበር፤ ጣና ውስጥ ግን የለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ግንብ ሆኖ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግደው ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። 100 ግራም የእርባታ ሳልመን 13 ግራም ያህል ስብ አለው። በቀረሶ ግን 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ሳልመን ኦቨን ውስጥ ራቁቱን ቢገባ ስቡ እየቀለጠ ያርሰዋል፤ እሳቱ ትንሽ ቢያልፍበትም ይቅር ይለናል። ቀረሶን እንደዚያ ብናደርገው እንደ ቋንጣ ይደርቃል። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ «ሳልመን» የሚለውን ሰርዞ «ቀረሶ» መጻፍ አይበቃም፤ የጎደለውን ስብ የሚተካ ነገር መጨመር አለበት። እሱም በዘይት የበሰለ ቁሌት ነው። ዓሣው ከሥሩ ሩዝ፣ ከላዩ ቁሌት ለብሶ ሲገባ እሳት አያገኘውም፤ የሚያገኘው እንፋሎት ነው።

በዘይት በኩል ብዙ አልልም። የኑግ ዘይት የራሱ ጠንካራ ጠረን ስላለው የዓሣውን ጣዕም ይጫነዋል፤ ካለ የሱፍ ቢሆን ይመረጣል። ቅመሙ ግን አገራችን ላይ ሞልቷል፤ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ መቼም ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ዓሣው ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቲሊሊ አድርጎ ቡሬ እስኪደርስ፣ ከዚያም ፍኖተ ሰላም እስኪገባ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በበረዶ ካልመጣ መንገድ ላይ ይበላሻል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ዓሣውም ይቀራል፤ ወይም ከሚገባው በላይ ቆይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ገዢው ዓይንና አፍንጫውን ማመን አለበት። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ጉንፉ (ጆሮው ሥር ያለው ማለቴ ነው) ቀይ መሆን አለበት። ዓይኑ ሰርጉዶ ጉንፉ ቡናማ ከሆነ ተዉት። ፊሌቶ ሲሆን ዓይን የለውም፤ በጣት ጫን ተደርጎ ሲለቀቅ ሥጋው ተመልሶ መነሣት አለበት፣ የጣት ጉድጓድ ይዞ ከቀረ አሮጌ ነው። ትኩስ ዓሣ የሐይቅ ሽታ ይሸታል እንጂ አይከረፋም። «ሎሚ ሲነካው ይተዋል» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ሎሚ የጭቃ ጠረን ይቀንሳል፤ የተበላሸን ዓሣ ግን አያድንም።

ወደ ሩዙ እንሂድ። ሩዝ በአካባቢያችን ለረጅም ጊዜ የበሽተኛ ምግብ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ ሆዱን ለታመመ ሰው ይቀቀላል፣ ሲድን ይረሳል። ፎገራ ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ክረምት ክረምት ውሃ በሚተኛበት በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሞከሩ። ሙከራው ከተካሄደባቸው የገበሬ ማኅበራት አንዱ ጅግና ይባል ስለነበር እስካሁን በሰፊው የሚዘራው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ ቀረ። ዛሬ ፎገራ ላይ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላም ይጠመቅበታል።

የፎገራ ሩዝ እንደ ባስማቲ ረጅምና ፍልቅልቅ አይደለም። አጠር ያለ ነው፣ በወፍጮ ላይም ብዙው ይሰበራል፤ ሲበስል እርስ በርሱ ይያያዛል። ለፒላፍ ይህ ጉድለት ነው። ለእኛ ትሪ ግን ጥቅም ነው፤ የተያያዘ ሩዝ የዓሣውን መረቅ ይዞ ይቀመጣል፣ ሲቆረስም አይበተንም። ብቻ ጠጠሩን በደንብ መልቀም፣ ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ማጠብ ግድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሽግ ላይ የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት እኛ አገር አይሠራም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ከዚያ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ወይም በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ስለዚህ ሩዙ ተጨማሪ ደቂቃና ትንሽ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። «ሩዙ እንቢ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የከፍታው ነው።

ዓሣና ሩዝን አንድ ላይ መጋገር አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ሰዓት ነው። በእኛ ከፍታ ሩዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ቀጭን የቀረሶ ፊሌቶ ግን ከተሸፈነ በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ሁለቱን ጥሬ አድርጎ አንድ ጊዜ ያስገባ ሰው ወይ ጥሬ ሩዝ ይበላል ወይ የደረቀ ዓሣ። መፍትሔው ሩዙን አስቀድሞ ከግማሽ በላይ ማብሰል ነው።

ለስድስት ሰው 1 ኪሎ ፊሌቶ፣ 3 ብርጭቆ ሩዝ፣ 4 ራስ ሽንኩርት፣ 5 ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ሎሚ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጥቂት የጥብስ ቅጠል፣ 2 ቃሪያና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ይበቃል። ሩዙ በ4 ብርጭቆ ተኩል ጨው ባለው ውሃ ይጣድና ውሃው ሲመጠጥ ይወርዳል፤ ፍሬው ሲነከስ መሀሉ ገና ጠንከር ማለት አለበት። በጎን ቁሌቱ ይሠራል፦ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፣ በርበሬው ገብቶ በጥቂት ውሃ ይበስላል፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ይከተላሉ። ቁሌቱ እንደ ወጥ መድረቅ የለበትም። ሩዙ ቀሪ ውሃውን የሚጠጣው ከእሱ ነውና ቀጠን ይበል። ዓሣው ጨውና ሎሚ የሚነካው በመጨረሻ ነው። ጠረኑ ይጥፋ ተብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሎሚ ውስጥ የሚዘፈዝፉት አሉ፤ አሲዱ ላዩን ያለ እሳት ያበስለውና ሥጋው ይሻክራል። 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ኦቨን የሚሠራው ምን ነበር? ሙቀት ከታችም ከላይም መስጠት። ይህንን ደግሞ እናቶቻችን ድፎ ሲጋግሩ ኖረውበታል። ከሥር ምጣድ፣ ከላይ የብረት ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ፍም። የእኛም ትሪ በዚሁ ይገባል። ትሪው ዘይት ይቀባል፣ ሩዙ ይነጠፋል፣ የቁሌቱ ግማሽ ይፈስበታል፣ ዓሣው ይደረደራል፣ የቀረው ቁሌት፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ ከላይ ይሆናል። ከዚያ በኮባ ቅጠል ይሸፈናል። ኮባው ለጌጥ አይደለም፤ እንፋሎቱን የሚይዘው እሱ ነው። ትሪው ምጣዱ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ሩዙ ከሥር ያራል፤ ስለዚህ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለታል። የታችኛው እሳት ለዘብ፣ የላዩ ፍም በርከት ይበል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በኋላ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፦ ዓሣው በሹካ ሲነካ በቅጠል በቅጠሉ ከተለያየና መሀሉ ድረስ ነጭ ከሆነ ደርሷል። መስታወት የመሰለ ሥጋ ከታየበት አልደረሰም፤ በዚህ አታመቻምቹ፣ የሐይቅ ዓሣ የትላትል እጭ ሊኖርበት ስለሚችል በጥሬው አይበላም። ኮባውን አንሥቶ ለ5 ደቂቃ ፍም ብቻ ቢሰጡት ላዩ ቀላ ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው የታችኛውን በዚያ ሊተካው ይችላል፤ የላዩን ፍም ግን አይተካለትም።

ሌላው ጉዳይ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው በየቤቱ የተለያየ መልስ አለው። ሆቴሎች «የጾም ዓሣ» ብለው ይሸጣሉ፣ ወጣቱም ይበላል፤ በሌላ በኩል በጾም ዓሣ በአፋቸው የማይዞር አባቶችና እናቶች በጎጃም ብዙ ናቸው። ይህን የሚፈታው የነፍስ አባት እንጂ የምግብ ክፍል ተማሪ አይደለም። የእኛ ድርሻ አንድ ነገር ነው፦ ለማይበላው ሰው የተለየ ትሪ መሥራት። በአንዱ ትሪ ላይ «በዚህ በኩል ዓሣ የለበትም» ማለት አያዋጣም፤ መረቁ ሩዙን ተከትሎ ወዲያ ማዶ ይሄዳል። ያው ሩዝና ያው ቁሌት፣ በዓሣው ፈንታ ግማሽ የተቀቀለ ድንች በስሱ ተቆርጦ ቢደረግበት ጥሩ ምግብ ይወጣዋል።

የተረፈ ካለ፣ የበሰለ ሩዝ ክፍል ሙቀት ውስጥ ማደር የለበትም። እሳት የማይገድለው የባክቴሪያ ዘር ሩዝ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና የሚያስመልስ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም እንደገና ቢሞቅ አይጠፋም። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ አስገብቶ በማግስቱ በደንብ አሙቆ ይብላው። ዶርም ያለን ደግሞ ልኩን እንሥራ፤ ወይም ትሪው ገና ትኩስ እያለ የጎረቤት ክፍል ልጆችን መጥራት ነው።